የንግሥቴ ልጅ ሚዛን

ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ናት። ዘመኑ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ይዞ፣ የጎጃም ሰው ዱር ገብቶ የሚዋጋበት ነው። ደብዳቤዎቹን በሁለቱ አገር መካከል ያመላለሰችው አልጣሽ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ናት።

ቡሬ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፤
ዋርካው ሥላሴ፣ ከወጀት ማዶ።

የሥላሴ ቸርነት ከቤትዎ አይለይ። እኛ አለን። አራሷም አለች፤ ሕፃኑም አለ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው አንቱ ስላልጠየቁ ነው።

አልጣሽ መልእክትዎን አድርሳለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ደጋግማ "እኔ የለሁበትም" እያለች ነው የነገረችኝ። "የአራስ ማር የምልከው ለማን ልጅ ብዬ ነው?" ብለዋል አሉ። እመልስልዎታለሁ። ለልጅዎ ለታከለ ልጅ ነው። እህቴ ንግሥቴ ጥቅምት ሃያ ስምንት፣ በአማኑኤል ዕለት፣ እዚህ ቡሬ እኔ ቤት የተገላገለችው ወንድ ልጅ የታከለ ወልደ ገብርኤል ነው። ለበኩሯ ወደ ወላጆቿ ቤት መሄድ ወግ ነው፤ ወላጆቻችን ደግሞ በሕይወት የሉም። ስለዚህ ወደ እኔ መጣች። ይህ ነውር ከሆነ ወጉን ያወጡትን ይውቀሷቸው።

ሰው የሚያወራውን ሰምቻለሁ። "ልጁ ገዘፈ፣ ወሩ አልፎበት ነው የተወለደው" ይላሉ። መግዘፉ እውነት ነው። እኔው ራሴ በምሽጉ ስንቅ ቤት ሚዛን መዝኜው አምስት ኪሎ ሞልቷል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ንግሥቴ የስኳር በሽታ አለባት። እስክንድርያ ሐኪም ቤት ስማር ይህን በሽታ በዓይኔ አይቻለሁ። ስኳሩ ደም ውስጥ ይበዛና ትርፉ በሽንት ይወጣል። ከሽንቱ ጥቂት ተወስዶ ሰማያዊ መድኃኒት ተጨምሮበት በእሳት ሲሞቅ፣ ስኳር ካለበት እንደ ሸክላ ይቀላል። የንግሥቴ ቀልቷል። እንዲህ ያለች እናት ስታረግዝ ስኳሩ በእትብቱ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል፤ ልጁም በማኅፀን ሳለ ይሰባል። ይህ ወሬ አይደለም፤ በመጻሕፍት የተጻፈ ነው።

አንቱም የመጻሕፍት ሰው ነዎት። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ አንብበው ሲጨርሱ ነገሩ እንደሚያልቅ ተስፋ አለኝ፤ እንዲያውም እርግጠኛ ነኝ። ክርስትናው ለታኅሣሥ ሥላሴ ይውላል። በአንቱ ደብር፣ በአባቱ ስም።

አክባሪዎ
ክንፈሚካኤል ላቀው


ዋርካው ሥላሴ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን

ለክንፈሚካኤል፣ የጣሊያን ሐኪም ቤት ሎሌ፤

እንደምን ሰነበትክ አልልህም። በምሽግ ሥር የሚያድር ሰው እንዴት እንደሚሰነብት ከዱር ሆነው የሚያዩህ ልጆች ይነግሩኛል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ለቁጣ፣ አንዱን ለሳቅ። በስተርጅና ስለ ምራቴ ሽንት የሚተርክ ደብዳቤ ይደርሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። "የመጻሕፍት ሰው ነዎት" ትለኛለህ። ነኝ። የእኔ መጻሕፍት የሰውን ልጅ እንደ በርበሬ ሚዛን ላይ አውጡት አይሉም። ገና ጥምቀት ያልነካውን ሕፃን የሶላቶ ስንቅ በሚመዘንበት ብረት ላይ አጋድመህ "አምስት ኪሎ!" ብለህ ጮኽክ። ገበያተኛው ሰማ። ቡዳው ሰማ። አሁን ወጀት ገበያ ስወጣ በርበሬ ሻጩ ሁሉ "መሪጌታ፣ የልጅ ልጅዎ ስንት መዘነ አሉ?" ይለኛል። ወሬውን የነዛው ወሬኛ አይደለም፤ አንተ ነህ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ታከለ ዱር የገባው አምና የመስቀል ማግስት ነው። ተመልሶ ቤቱ ያደረው ለዐቢይ ጾም ቅበላ ብቻ ነው። በግ አርደን አብረን በላን፤ ሲነጋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱን አላያትም። ከቅበላ እስከ ጥቅምት አማኑኤል ደግሞ ዘጠኝ ወር አይሞላም። ወሩ ሳይሞላ የተወለደ ልጅ ያንሳል፤ ይህን ለማወቅ እስክንድርያ መሄድ አያሻም። ይህኛው ሳይሞላለት ተወልዶ ከሞላለት በለጠ! እንግዲያው ከቅበላ በፊት ተፀንሶ ነበረ ማለት ነው። ከቅበላ በፊት፣ በጥር፣ እህትህ የት ነበረች? ቡሬ። አንተ ቤት። ከምሽጉ በር ፊት ለፊት።

ደግሞስ ዘር ከልጓም ይስባል አይደል የሚባለው? የእኔ ቤት ልጆች ሲወለዱ ትንንሾች ናቸው። ታከለም፣ እህቱ አደይም ጭብጥ የማይሞሉ ነበሩ፤ የገዘፉት ኋላ እህል ቀምሰው ነው። እንዲህ ያለ ግዙፍ በዘሬ ተወልዶ አያውቅም።

ስለዚህ በዋርካው ሥላሴ፣ በልጄ ስም፣ ክርስትና አይነሣም። ለታከለም እጽፍለታለሁ። ሚስቱን በምን እንደሚቀበላት እሱና ጠመንጃው ይምከሩበት።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል


ቡሬ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን

ለመሪጌታ ወልደ ገብርኤል፤

ጤናዎን ልጠይቅ ነበር። ቁጣዎ ጤነኛ መሆኑን አይቼ ተውኩት።

ስለ ጠመንጃው የጻፉትን ለንግሥቴ አላነበብኩላትም። "ምን አሉ?" ብትለኝ "ሰላም ብለዋል" አልኳት። ሳቀች። "መሪጌታ ሰላም ካሉኝ ዓለም አልቋል ማለት ነው፤ ንስሐ አባቴን ጥራልኝ" አለች።

ሎሌ ብለውኛል። ጣሊያን የተማረውን ሁሉ እየለቀመ ሲፈጅ የምስክር ወረቀቴን መሬት ቀብሬ፣ "አልጋ አንጣፊ ነኝ" ብዬ ነው የተረፍኩት። ዛሬ በእጄ የሚያልፈው መድኃኒት ሁሉ ለሶላቶ ብቻ እንደማይደርስ ዱር ያሉት ልጆች ያውቃሉ። ከዚህ በላይ በደብዳቤ አልጽፍም።

በጥር ንግሥቴ ለምን ቡሬ እንደነበረች አንቱ ያውቃሉ። ውኃ አልጠግብ ብላ፣ ሥጋዋ አልቆ፣ "ዓይነ ጥላ ነው" ብለው ጠበል የሰደዷት አንቱ ነዎት። ጠበሉ ላይ ሰንብታ ሳይሻላት ሲቀር ወደ እኔ መጣች። ከምሽጉ በር ፊት ለፊት አልጋ ላይ ነበረች እንጂ በር ላይ አልነበረችም።

ስለ ወሩ ደግሞ ያድምጡኝ። ሕፃኑ ትልቅ ነው፤ የበሰለ ግን አይደለም። ትከሻው ላይ ለስላሳ ፀጉር አለ። ጥፍሩ ከጣቱ ጫፍ አልደረሰም። ጆሮው ቢያጥፉት ታጥፎ ይቀራል። ሲወለድ ጡት ለመሳብ አቅም አጥቶ ሲንቀጠቀጥ በጣቴ የስኳር ውኃ እያላስኩ ነው ያተረፍኩት። ወሩ ያለፈበት ልጅ እንዲህ አይሆንም። ያልበሰለ ዱባስ ትልቅ አይሆንም?

ዘር ከልጓም ይስባል ላሉት ግን እውነት አለዎት። እስክንድርያ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። የሁለቱም ሽንት እኩል ይቀላል። አንዷ ግዙፍ ወለደች፤ ሁለተኛዋ እንደማንኛውም ሰው ልጅ። ለምን ብዬ አስተማሪዬን ጠየቅኩት። "ስኳሩ ማገዶ ነው፤ ምድጃው ግን ከእናትም ከአባትም ዘር የተሠራ ነው" አለኝ። የአንዱ ዘር ስኳሩን ተቀብሎ ይሰባል፤ የሌላው አይሰባም ማለቱ ነው። እንዴት እንደሆነ ገና ማንም አጥርቶ አላወቀውም። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም! እንግዲህ ይንገሩኝ፦ ታከለ ሲወለድ ምን ያህል ነበር? አደይስ? ባለቤትዎ እመት ሀብትነሽ ወልደው የቀበሯቸውስ? "ጭብጥ አይሞላም" ማለት ስንት ማለት ነው?

ክንፈሚካኤል


ዋርካው ሥላሴ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን

ለክንፈሚካኤል፤

ሰላምታህን አልጣሽ ይዛው ትመለስ፤ እኔ ዘንድ ማስቀመጫ የለውም።

አሁን በገዛ አፍህ ገባህልኝ። ማገዶው ከየትም ይምጣ፣ ምድጃው ከአባትም ነው አልከኝ። መልካም። የእኔ ቤት ምድጃ ትንሽ ነው ብዬሃለሁ። በትንሽ ምድጃ እንዲህ ያለ እሳት ከነደደ፣ ምድጃው የእኔ አይደለማ! ጠበቃ ነኝ ብለህ ተነሥተህ ምስክር ሆንክባት። ቅኔ ቤት ገብተህ ቢሆን ኖሮ ሁለት መስመር ሳትሄድ በትር ያርፍብህ ነበር። ስለ ዱባውም፣ ዱባው ይብሰልም አይብሰልም፣ ሐረጉ ከማን ማሳ እንደመጣ ገበሬ ያውቃል።

ጠበል የሰደድኳት እኔ ነኝ። አልጸጸትም። ጠበል ለሚታገሥ ነው፤ እናንተ ወንድምና እህት ትዕግሥት አልፈጠረባችሁም።

ጭብጥ ስንት ነው ላልከው፣ እጅህን ጨብጠህ እየው።

እንግዲህ የመጨረሻ ቃሌን ልንገርህ። ወደ ዱር የሚሄድ ሰው የበዓታ ማግስት ይነሣል። ለታከለ የምልከው ደብዳቤ ተጽፎ ተቀምጧል። እስከዚያ እህትህ እውነቱን ካመነች፣ ልጁ በእናቱ አባት ስም፣ በላቀው ስም፣ እዚያው ቡሬ ክርስትና ይነሣ። እኔም ያን ደብዳቤ ቀድጄ ሌላ እጽፋለሁ። "ፍታት፤ ደሟን ግን አታፍስስ" እለዋለሁ። እንደሚሰማኝ ታውቃለህ። ካላመነች የተጻፈው ይሄዳል። ልጄ ደግሞ ዱር ከገባ ወዲህ የሚያስበው በእጁ ነው።

ይህን ምሕረት ለአንተ ብዬ አላደረግሁትም። በአንድ መሶብ አብራኝ የበላች ምራቴ ስለነበረች ነው።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል


ቡሬ፣ ኅዳር ፳፭ ቀን

ለመሪጌታ፤

ማስቀመጫ የለኝም ስላሉ ሰላምታ አልላክሁም።

በክርክሩ አሸንፈውኛል። ሲያሸንፉኝ ደግሞ እኔ ራሴ አስቀድሜ ልናገረው ይገባኝ የነበረውን አስታወሱኝ፤ ክብደት ምስክር አይሆንም። ለእኔም አይሆንም፣ ለአንቱም አይሆንም። የአባት ዘር የልጁን መጠን በአንድ በኩል ይጎትታል፣ የእናት ዘር በሌላ በኩል፣ የእናት ሕመም ደግሞ በሦስተኛ። ፈሩን ብቻ አይቶ የትኛው በሬ እንደበረታ የሚናገር ገበሬ አላየሁም። ልጁ ትልቅ ነውና የታከለ ነው ብዬ ልምል አልችልም። ትልቅ ነውና የታከለ አይደለም ብሎ የሚምል ግን ይኮነናል።

ያቀረቡትን ለንግሥቴ ነገርኳት። ጠመንጃውንም ጭምር። እውነቱን ልጻፍልዎት፣ እሺ እንድትል ልለምናት ነበር። "በአባታችን ስም ቢነሣ ምን አለበት? አንቺም ትተርፊያለሽ፣ ልጁም ያድጋል" አልኳት። እያጠባችው ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ክንፌ፣ እስክንድርያ ድረስ የሄድከው መፍራት ለመማር ነው?" አለችኝ።

"ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ ልጄን ዲቃላ አታድርገው። ታከለ ይምጣ። ጠመንጃውንም ይዞ ይምጣ። ቅበላ ማታ የተባባልነውን እኔና እሱ እናውቃለን።"

ከዚያ ስለ ቤትዎ ልጆች መጠን የጻፉትን አነበብኩላት። ያን ጊዜ ቀና አለች።

"ማን ነገራቸው?" አለች። "መሪጌታ ታከለ ሲወለድ አይተውታል? ወንድ ልጅ የአራስ ቤት ገብቶ ያውቃል? እመት ሀብትነሽን ይጠይቋቸው እንጂ።"

እኔም ይህንኑ እጠይቅዎታለሁ። አይተውታል? በዓታ ሳይደርስ ይመልሱልኝ። ስለ እህቴ ጤና የምጽፈው ነበረኝ፤ አልጠየቁኝምና ተውኩት።

ክንፈሚካኤል


ዋርካው ሥላሴ፣ ኅዳር ፳፱ ቀን

ለክንፈሚካኤል፤

አላየሁትም። ታከለ ሲወለድ ዋሸራ ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ ስመለስ ድክ ድክ ይል ነበር። አደይ ስትወለድም ዜማ ልማር ሄጄ እዚህ አልነበርኩም።

ሀብትነሽን ጠይቄአታለሁ። ምን እንዳለችኝ አንተን አያገባህም። የበዓታ ማግስት የሚሄደው ሰው ያን ደብዳቤ ሳይዝ ይሄዳል።

ይህን ድል ነው ብለህ እንዳትጽፍልኝ። እንዳትጽፍልኝ ነው የምልህ።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል


ቡሬ፣ ታኅሣሥ ፪ ቀን

ለተከበሩ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፤

አትጻፍ ብለውኝ ነበር፤ ጻፍኩ። ሰላም ለአንቱ፣ ሰላም ለእመት ሀብትነሽ፣ ሰላም ለአውድማዎ! ለአውድማው ሰላምታ የምልከው አልጣሽ ያን ቀን ቅቤ ልትገዛ መጥታ እዚያው ስለነበረች ነው። እኔን አያገባኝም ያሉትን ከእሷ በኋላ ቡሬ ያልሰማ የለም።

እንዲህ ነው የነገረችን። ጤፍ እየተወቃ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ አንቱ ወደ ባለቤትዎ "አንቺ፣ ታከለ ሲወለድ ምን ያህል ነበር?" ብለው ጮኹ።

"ጭብጥ አይሞላም ነበር። ስንቴ ልንገርዎት?" አሉ እመት ሀብትነሽ።

"በሥላሴ ንገሪኝ።"

በሥላሴ ሲሏቸው የያዙትን መንሽ ጣሉት አለች አልጣሽ። "እንግዲህ በሥላሴ ካሉኝ፣ ሊገድለኝ ነበር። አዋላጇ 'ይህ ልጅ ነው ወይስ ጥጃ?' ነው ያለችው። አደይም ያው ናት። የቀበርኳቸው ደግሞ ከእነሱ የባሱ ነበሩ፤ ትከሻቸው አላልፍ ብሎ ነው የሞቱብኝ።"

"ታዲያ ትንሽ ነው ብለሽ ለምን ዋሸሽኝ?"

"ኧረ አንቱ! ልጄ ትልቅ ነው ብሎ ለቡዳ የሚጠቁም ማን አለ? ለእናቴ ያልኩትን፣ ለጎረቤት ያልኩትን ነው ለአንቱ ያልኩት። ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው። ለልጅ ዓይን እንዳይገባው 'አይረባም፣ ኮሳሳ ነው' ይባላል። ይህን የማያውቅ ቅኔ ቤት የከረመ ወንድ ብቻ ነው።"

አውድማው ላይ የነበረው ሰው ሳቁን በጭድ ሊሸፍን ሞከረ፤ አልሆነለትም አሉ።

መሪጌታ፣ የዘሬ ልክ ያሉት የሴቶች ቡዳ ማባረሪያ ኖሯል! ሰም ሰጥተውዎት ወርቅ ነው ብለው ይዘው ኖረዋል። በዚህም የሰው ነፍስ ሊያስጠፉ ነበር። ምድጃው ትንሽ አይደለም። በእመት ሀብትነሽ በኩል በታከለ አልፎ ለሕፃኑ ደርሷል፤ የንግሥቴ ስኳር ደግሞ ማገዶ ጨመረበት። ክብደት ምስክር አይሆንም ያልኩትን አልሽርም። ነገር ግን የአንቱ ክስ የቆመው በዚያ ብቻ ነበርና ክሱ ወድቋል።

አሁን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ንግሥቴን ይቅርታ ይጠይቋታል። ሁለተኛ፣ እመት ሀብትነሽ እነዚያን ልጆች ሲያረግዙ ውኃ ይጠማቸው ነበር? ሌሊት ለሽንት ይነሡ ነበር? ይጠይቁልኝ፤ ለአስተማሪዬ ልጽፍለት አስቤአለሁ። እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ በየመጽሐፉ አይገኝም! ለሥላሴ እኔው ራሴ አመጣቸዋለሁ፤ በድግሱም ከወንዶቹ ጋር እቀመጣለሁ።

ክንፈሚካኤል ላቀው


ዋርካው ሥላሴ፣ ታኅሣሥ ፰ ቀን

ለክንፈሚካኤል፤

ትናንት ክርስትና ተነሣ። ስሙ ወልደ ሥላሴ ታከለ ነው። ለታከለም "ወንድ ልጅ ተወልዶልሃል" ብዬ ልኬበታለሁ፤ ስለ ሌላው ነገር አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

አትምጣ ብዬ በአልጣሽ ብልክብህ አልሰማ ብለህ፣ እነሱን እስከ ወንዙ አድርሰህ ማዶ ቆመህ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁህ። ከዱር ለበዓሉ የወረዱት ልጆችም አይተውሃል። አንዱ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ "ያ የምሽጉ ሰው አይደለም?" አለ። "ዛሬ የሥላሴ ቀን ነው" ብዬ እጁን ያዝኩት። ሁለተኛ አልይዝም። መድኃኒት ታወጣለህ አሉ፤ እኔ አላየሁም፣ እነሱም ሁሉም አያውቁም። የሚያውቁት የምትገባበትን በር ነው።

ይቅርታ ጠይቅ ብለህ አዘዝከኝ። የጠየቅኩ እንደሆን የጠየቅኩት እሷን ነው፤ ምን እንዳልኳት እሷ ትንገርህ። አንተን ግን አልጠይቅም። ሕፃኑን የመዘንክበት ቀን አሁንም ያቃጥለኛል፤ አውድማዬን ሳቅ የሞላህበትንም ደብዳቤ ቤቴ አላሳድረውም ብዬ እሳት ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ሚስቴ ውኃ ይጠማት እንደነበር ትጠይቀኛለህ? ሚስቴን አንተ አትጠይቃትም። ለእስክንድርያም አትጽፍም። የቀበርናቸው ልጆች የፈረንጅ መጽሐፍ ማሟያ አይደሉም።

አንድ ነገር ቀርቷል። እህትህ ወደ ቡሬ አትመለስም። ታከለ ልጁን የሚያገኘው በአባቱ ቤት ነው እንጂ ከምሽግ በር ፊት ለፊት አይደለም። እሷም እሺ ብላለች። ማንም አላስገደዳትም። ደኅና ነኝ ትላለች፤ ሀብትነሽም ገንፎውን፣ ጠላውን፣ የቤቱን ሁሉ እያቀረበች ታበላታለች። ከእንግዲህ የሚጽፍልኝ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል


ቡሬ፣ ታኅሣሥ ፲፩ ቀን

ለመሪጌታ፤

ስለ ሌላው ሌላ ቀን እንሰዳደባለን። አልጣሽ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።

ገንፎውን ይቀንሱላት። ጠላውን ይከልክሏት። ጎመን፣ አይብ፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ ትብላ። አራስ ናት ብለው በፍቅር ይገድሏታል፤ እመት ሀብትነሽ ደግ ናቸውና እሳቸውን ነው ከሁሉ የምፈራው። የእግሯን ጣቶች ይዩ፤ ቁስል ካለ ትንሽ ነው ብለው አይለፉት።

ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጤናዋን አሁን ልንገርዎት። ደኅና አይደለችም። ከወለደች ወዲህ ሽንቷን በሞከርኩ ቁጥር ቀልቷል። እህል እየመጠንኩላት ነበር ቆማ የምትሄደው። ለዚህ በሽታ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ቡሬ የለም። አዲስ አበባ አለ ይባላል፤ እፈልገዋለሁ፤ አገኘዋለሁም ብዬ አስባለሁ። እስከዚያ ግን ከምግቧ በቀር መድኃኒት የላትም። ምግቧም አሁን በአንቱ እጅ ነው።

ታከለ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ሁለተኛ ስታረግዝ በመጀመሪያው ወር ይላኩብኝ፤ አይፈሩ፣ ይላኩብኝ። ልጁ ከሁለት ወገን ትልቅነት የሚወርስ ነው፤ የሚቀጥለው ከዚህኛው ሊበልጥ ይችላል። እመት ሀብትነሽ ትከሻቸው አላልፍ ብሎ ስለሞቱት ልጆች ነግረውዎታል። ሳይሰናዱ ከደረሰ በምጥ ትሞትብናለች። "ብናለች" ብዬ ጻፍኩ። ልሰርዘው ነበር፤ ይቅር።

ለአስተማሪዬ አልጽፍም። ስለ ሚዛኑ ለእመት ሀብትነሽ ይቅርታ ይንገሩልኝ፤ ለእሳቸው ብቻ።

ንግሥቴ ደኅና ነኝ ካለችዎት አይመኗት፤ አራስ ቤት የሚባለውን ማመን ምን እንደሚያመጣ ሁለታችንም አይተናል። የምትጠጣበትን እንስራ ይዩ። ጠዋት ሞልቶ ቀትር ሳይደርስ ከጎደለ፣ በማንም፣ በምንም ይላኩብኝ። የዱሩን ልጆች እጅ ይያዙልኝ አልልዎትም። እመጣለሁ።

ክንፈሚካኤል